መዶሻውና መታጠቢያው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እዚህ አስኮ ከታናናሾቻችን መካከል «ቶር» የተባለውን የሥዕል ታሪክ በፍቅር የሚያነቡ አሉ። ቶር የጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች የነጐድጓድ አምላክ ብለው ያመልኩት የነበረ ጣዖት ነው፤ እንግሊዞች ሐሙስን የሚጠሩት በእርሱ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካውያን የሥዕል ታሪክ ጀግና አደረጉት። በታሪኩ ትዕቢተኛ ስለ ነበር አባቱ ኦዲን አንካሳ ሐኪም አድርጎ ወደ ምድር ሰደደው። (ይህን እንኳ መጽሐፉን የሚቀዱ ወላጆች ቢያነቡት በወደድሁ!) መዶሻውን ግን የሚያነሣው የተገባው ሰው ብቻ ነው።

አንድ ልጅ ይህን ተርኮልኝ ሲያበቃ፣ «እኔም የተገባሁ ስላልሆንሁ ነው የማልቈርበው» አለኝ። ስንቶቻችን በዚሁ ቃል ርቀን ቀርተናል!

እስቲ የእኛን ሐሙስ እናስብ። ጌታችን ተቀጥቶ ሳይሆን ወድዶ ወረደ፤ በጸሎተ ሐሙስም ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ መታጠቢያ ይዞ፣ ከደቀ መዛሙርቱ እግር ሥር ዝቅ አለ። ጴጥሮስ እንቢ ብሎ ነበር፤ ታጠበ። ይሁዳም በዚያው ተቀምጦ ነበር። የተገባው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ የተጠየቀ የለም፤ እግር የሚታጠበው አቧራ ስላለበት ነው።

ከልጁ ጋር ቅዳሜ ወደ ንስሐ አባቱ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።