ሲሮጡ የታጠቁት

ልጄ፣ ትናንት በስልክ የጠየቅከኝን ሳሰላስል አደርኩ። አውታሩን ይዞ የሚለቀውን መሣሪያ፣ ሪሊዙን፣ በቀጥታ አውታሩ ላይ ላስነክሰው ወይስ ዲ ሉፕ የሚባለውን የገመድ ቀለበት ልሰር ነው ያልከኝ። እዚህ ቨርጂንያ አጋዘን በደጋን ማደን ከጀመርኩ ብዙ መኸር አልፏል፤ ሉፕ እሰር እልሃለሁ።

ሪሊዙ አውታሩን ራሱን ሲነክስ ከቀስቱ ጭራ ሥር ነው የሚይዘው። ስበቱ ከሥር ስለሚመጣ ጭራውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ቀስቱም ከማረፊያው ብድግ ሊል ይችላል። የሪሊዙ የብረት መንጋጋ ደግሞ አውታሩን የሚጠብቀውን ጥምጥም ክር በየተኩሱ ያኝከዋል። ሉፕ ግን ጭራውን ከላይና ከታች አቅፎ ስለሚታሰር የምትስበው ልክ ከቀስቱ በስተኋላ ነው። የሚታኘከውም ቁራጭ ገመድ ነው፤ እሱን ቤትህ ትቀይረዋለህ። አውታር ለማስቀየር ግን ደጋኑን መጭመቂያ ማሽን ላይ ማስያዝ፣ ሱቅ መመላለስ አለ። የብረት ሉፕም ይሸጣል፤ አያልቅም፣ ግን ክብደቱ አውታሩን ያዘገየዋል። እኔ አልወደውም።

አንድ ነገር ልብ በል፤ ሉፕ እጅህን ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ስትስብ እጅህ አገጭህ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣልና የስበቱን ርዝመት አስተካክል።

ዋናው ነገር ግን አስተሳሰሩ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ። ለሉፕ የተሠራውን ገመድ ወደ 11 ሳንቲሜትር ቁረጥ። ሁለቱንም ጫፍ በላይተር አቅልጠህ እንደ ክብሪት ራስ አድበልብል፤ ቋጠሮው እንዳይሾልክ የሚይዘው ያ ጉብታ ነው። ከጭራው በላይና በታች አውታሩ ላይ ስትቋጥረው፣ የላይኛው ቋጠሮ ወደ ግራ ከዞረ የታችኛው ወደ ቀኝ ይዙር። ከዚያ የፒንሳውን አፍ ገጥመህ ሉፑ ውስጥ አስገባና እጀታውን በኃይል ክፈት፤ ቋጠሮው ክሩን ነክሶ ሲጠብቅ በዓይንህ ታየዋለህ።

ይህን የምነግርህ ከንፈሬ ስለተማረ ነው። አንድ ንጋት መኪናዬን አቁሜ፣ በፊት መብራቷ፣ በጥድፊያ ሉፕ አሰርኩ። ጫፉን በደንብ አላቀለጥኩትም። ዛፍ ላይ ሆኜ አንዲት አጋዘን ላይ አነጣጥሬ ሙሉ በሙሉ እንደሳብኩ ቋጠሮው ሾለከ፤ ጡጫዬ አፌን መታኝ፣ ቀስቱ ቅጠል ውስጥ ገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። የከንፈሬ ደም ቶሎ ደረቀ። ያቺ አጋዘን ግን በቀስቱ ስለት ሆዷ ተቀድዶ ጫካ ገብታ ቢሆንስ? ያ ሐሳብ አሁንም ይቆረቁረኛል፤ ነፍስ ያለውን ነገር አሰቃይቶ መግደል ነውር ነው።

ስለዚህ ከመውጣትህ በፊት ሁልጊዜ ሉፑን በጣትህ ዳብሰው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር። ገመዱ ጸጉር ካወጣ ወይም መንጋጋው የሚነክስበት ቦታ ከሳሳ ያኔውኑ ቀይረው፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ። አዲስ ሉፕ ካሰርክ በኋላም ስለት ያለውን ቀስት ለጊዜው ተወው፤ በመለማመጃው ሠላሳ ጊዜ ያህል ኢላማ ላይ ተኩስ። ገመዱ ረግቶ ይቀመጣል፣ የምታነጣጥርበት ፒፕም ፊቱን አዙሮብህ እንደሆነ ታያለህ።

ቅዳሜ ደጋንህን ይዘህ ና። ገመዱም ላይተሩም እኔ ጋ አለ። አንዱን እኔ አስሬ አሳይሃለሁ፤ ከዚያ እቆርጠውና አንተ ታስራለህ።