አዲስ ጎማ ከመግዛትህ በፊት አሮጌውን እየው

ልጄ፣ ጎማ ልትገዛ ብር ይዘህ ከመውጣትህ በፊት ጎንበስ በልና አሮጌውን አገላብጠህ እየው። ያለ ጊዜው ያለቀ ጎማ ያለ ምክንያት አላለቀም። ምክንያቱን ሳታስወግድ አዲስ ብታስገጥም እሱም እንደ ቀዳሚው ያልቅብሃል።

መሃሉ ብቻ ከተበላ ንፋስ በዝቶበታል። ሁለቱ ጠርዞች ተበልተው መሃሉ ከቀረ ንፋስ አንሶታል። አንድ ጎኑ ብቻ ከተላጠ አላይመንቱ ተዛብቷል ወይም የመሪው መገጣጠሚያዎች ላልተዋል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ባላንሱንና አሞርዛተሩን አስፈትሽ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ የአላይመንት ዋጋ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ንፋስን በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለካ። ልኩ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ በጎማው ጎን የተጻፈው ግን ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የመኪናህ ልክ አይደለም። አዋሽን አልፈው ወደ ሚሌ ሲወርዱ ጎማው ስለጋለ ንፋስ የሚያስተነፍሱ ሾፌሮች አይቻለሁ። አንተ እንዳታደርገው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በጭነት ሥር ጎኑ እየተጣጠፈ ይብሱን ይግላል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ከላስቲኩ ይላቀቅና ይፈነዳል።

ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ ልኩን አመሳክር። 195/65 አር 15 ካለ 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ቀጥሎ 91 ካለ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከመኪናህ ልክ ያነሰ የመሸከም አቅም ያለውን በርካሽ ቢሰጡህም አትቀበል።

ከዚያ የተመረተበትን ጊዜ ፈልግ። ዶት ከሚለው ምልክት ጀምሮ ያለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዞች አሉ። 1817 ከሆነ በፈረንጆቹ 2017 በ18ኛው ሳምንት ተመርቷል፤ በእኛ ሚያዝያ 2009 መሆኑ ነው። 17ን አይተህ የኛ 2017 እንዳይመስልህ፤ ስምንት ዓመት ያህል ትሸወዳለህ። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። በቅባት ማብረቅረቁን ተወውና ጎኑን ጫን አድርገህ ስንጥቅ ፈልግ።

አቅምህ ለሁለት ብቻ ከሆነ አዲሶቹን ከኋላ አስገጥም። በዝናብ የፊቱ ቢንሸራተት ፍጥነት ስትቀንስ መኪናው ይመለስልሃል፤ የኋላው ከከዳህ ግን መኪናው ይዞርብሃል። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩም የፊቱንና የኋላውን አቀያይር፤ ጎሚስታው ዘንድ በደረስክ ቁጥር ስኮርታውንም አስለካ።

በጥርሶቹ መካከል ያለው ትንሽ ጉብታ ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቷል፤ ያ ጎማ አብቅቶለታል። እንግዲህ ለነዳጅ እንደምታስበው ለጎማም በየወሩ ጥቂት አስቀምጥ፤ ምንም ቢቸግርህ በሊሾ ጎማ ሰው አትጫን።