ስለ አንዲት ቁንጥር ዕጣን

የሮማ ነገሥታት ክርስቲያኖችን ያሳደዱት ሃይማኖት የሚባለውን ሁሉ ስለ ጠሉ ነው ብለው የሚያስተምሩ አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሮማ የገዛችውን አገር ጣዖት አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ትተወው፥ አንዳንዱንም ወደ ራስዋ ታመጣው ነበር። ከጌታችን ልደት 204 ዓመት አስቀድሞ፥ ከቅርጣግና ጋራ በምትዋጋበት ጊዜ፥ ፍርግያውያን የአማልክት እናት እያሉ የሚያመልኩትን ጥቁር ድንጋይ በመርከብ አስመጥታ በከተማዋ አኖረች። በብሪታንያም በፍል ውሃ አጠገብ የምትመለክ ሱሊስ የምትባል የአገሬው ጣዖት ነበረች፤ ሮማውያን ስሟን ሚኔርቫ ከምትባለው ከራሳቸው ጣዖት ጋራ አጣምረው መቅደስ ሠሩላት። እርግጥ ሕዝብ ያሳድማል ብለው የፈሩትን አልማሩም፤ በ186 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የባኮስን የምሥጢር ማኅበር በትነዋል። ከዚህ በቀር ከተገዢው የሚፈልጉት ጥቂት ነበር፤ ለሮማ አማልክትና ለቄሳር ክብር ቁንጥር ዕጣን ማጠን።

አሕዛብ ይህን ለመስጠት አይቸገሩም፤ አምላካቸው ጎረቤት የለመደ ነውና። አይሁድ ግን በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ለቄሳር ሳይሆን ስለ ቄሳር ለእግዚአብሔር ይሠዉ ነበር፤ በ66 ዓ.ም. ይህ መሥዋዕት ሲቋረጥ የጦርነቱ መነሻ ሆነ። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት፤ ነገር ግን ሃይማኖት በእርስዋ ላይ ቆሟል። ክርስቲያኖችም ስለ ንጉሡ መጸለይን እንቢ ብለው አያውቁም።

በ249 ዓ.ም. የነገሠው ዳኬዎስ (ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የግዛቱ ሰው በሹማምንት ፊት እንዲሠዋ፥ ከመሥዋዕቱም እንዲቀምስ፥ ይህንም ለማድረጉ የተፈረመ ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። አስቀድሞ በ212 ዓ.ም. ካራካላ በግዛቱ ያሉትን ነጻ ሰዎች ከጥቂቶች በቀር የሮማ ዜጎች አድርጓቸው ስለ ነበር፥ ትእዛዙ እስከ ገጠር መንደር ደረሰ። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 የሚበልጡ በግብፅ ምድር ተገኝተዋል። ከእነርሱ አንዱን ያቀረበችው አውሬልያ አሞኑስ የምትባል የአርሲኖኤ ከተማ ሴት ናት፤ እርስዋም ጴጤሱኮስ ለሚባለው የአዞ አምላክ ካህን ነበረች። እነሆ፥ በጣዖት ቤት የምታገለግል ሴት እንኳ ለጣዖት መሠዋትዋን በወረቀት እንድታስመሰክር ተገደደች! ከዚህ የምንረዳው ንጉሡ ማንን ታመልካለህ ብሎ ልብን አለመመርመሩን ነው፤ የፈለገው እጅን ነበር።

ጭንቁም የመጣው ከዚህ ነው። ከክርስቲያኖች ወገን አንዳንዶቹ ሠዉ፥ አንዳንዶቹ ዕጣን ብቻ አጠኑ። ሌሎች ግን ለሹሙ ገንዘብ ሰጥተው፥ ሳይሠዉ ሠውተዋል የሚል ወረቀት ተቀበሉ። የፊተኞቹ እጃችን ነው እንጂ ልባችን አልካደም ይላሉ፤ የኋለኞቹ ደግሞ እጃችንም አልነካ ይላሉ። የቅርጣግናው ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስና በ251 ዓ.ም. የተሰበሰቡት አባቶች ሁለቱንም ከበደል አላነጹም፤ ነገር ግን ወረቀት የገዙትን ከሠዉት ጋራ በአንድ ሚዛን አልመዘኗቸውም።

ለእኔ እንደሚመስለኝ የወረቀቱ ነገር ከሚታየው ይልቅ ይከብዳል። ሰማዕት ማለት በግእዙ ምስክር ማለት ነው፤ ያ ወረቀትም ምስክር ነው። አንዱ በደሙ የመሰከረውን ሌላው በብሩ አፈረሰው። ደግሞም ባለጠጋው በገንዘቡ ባመለጠ ቁጥር፥ የሚከፍለው የሌለው ድኻ ጎረቤቱ በሹሙ ፊት ብቻውን ይቀራል። ልብ ለእግዚአብሔር ነው ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎረቤት የሚያየው እጅን ነው።

ይህን ስል በወደቁት ላይ ለመፍረድ አይደለም። በተማሪነቴ ይህን ታሪክ ስሰማ በእነርሱ ላይ ፈጥኜ እፈርድ ነበር፤ ጠጕሬ ከሸበተ ወዲህ ግን እንደዚያ አልደፍርም። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ በዚያ ስደት ያለፈ አባት ነውና የጻፈውን እንስማ፤ ደብዳቤውን አውሳብዮስ በታሪክ መጽሐፉ አቆይቶልናል። አንዳንዶቹ ወደ መሠዊያው ሲወጡ ፊታቸው ገርጥቶ እየተንቀጠቀጡ ስለ ነበር፥ የሚሠዉ ሳይሆን የሚሠዉባቸው ይመስሉ ነበር ይላል።

በዚያው ደብዳቤ ሴራፕዮን ስለሚባል ሽማግሌ ይተርካል። ብዙ ዘመን ያለ ነቀፋ የኖረ ምእመን ሲሆን በስደቱ ጊዜ ሠዋ። ከዚያ በኋላ ይቅር በሉኝ እያለ ደጋግሞ ቢለምንም የሰማው አልነበረም። ታሞም ሦስት ቀን አንደበቱ ተያዘ፤ በአራተኛው ቀን ጥቂት ሻል ሲለው የልጁን ልጅ ጠርቶ ካህን እንዲያመጣለት ላከው። ጊዜው ሌሊት ነበረ፤ ካህኑም ታሞ መምጣት አልቻለም። ነገር ግን ዲዮናስዮስ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ለሚለምኑ ሥርየት እንዳይከለከሉ አዝዞ ስለ ነበር፥ ካህኑ ከቅዱስ ቍርባኑ ጥቂት ለብላቴናው ሰጠው፤ አርሶም በሽማግሌው አፍ እንዲያደርግ ነገረው። ሥርዓቱን የሚያውቅ ካህን ይህን ሲሰማ ይደነግጥ ይሆናል፤ ሊቀ ጳጳሳቱ ግን በምስጋና ይጽፈዋል። ብላቴናው በጨለማ ተመልሶ እንደ ታዘዘው አደረገ፤ ሽማግሌውም ተቀብሎ ወዲያው ነፍሱን ሰጠ።