ውለታና ምስክርነት

አንድን ሰው ችሎት ጠርተው «ይህ ሐኪም ጎበዝ ነው ወይ?» ብለው ቢጠይቁትና እሱ «ልጄን ያዳነልኝ እሱ ነው» ብሎ ቢመልስ ዳኛው ምን ይላሉ? ውለታህን ነገርከን እንጂ የተጠየቅከውን አልመለስክም ይሉታል። እኛ ጎልማሶች የወጣትነታችንን ሙዚቃ ስናወድስ የምንሰጠው መልስ ከዚህ አይለይም። «እንደ ድሮ ዘፈን የት አለ!» እንላለን። የምንናገረው ግን ስለ ዘፈኑ ነው ወይስ ስለ ራሳችን?

ነገሩን ያነሳብኝ ማንኪራ የሰነበትኩባቸው የክረምት ቀናት ናቸው። ማንኪራ ከቦንጋ ወጣ ብላ ጫካ ውስጥ ያለች፣ የቡና መገኛ እኔ ነኝ የምትል መንደር ናት። የጅማዎቹ ጮጬም ይህንኑ ትላለች፤ ክርክሩ አላለቀም። እኔ መቼም በየቀኑ የማንኪራን ቡና ከአቦል እስከ በረካ እየጠጣሁ ለየትኛዋም ልመሰክር አልችልም። ባለዕዳ ነኝና።

ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ስልኬ ላይ የጫንኳቸውን የሄቪ ሜታል አልበሞች ተራ በተራ ማዳመጥ ያዝኩ። ይህ ሙዚቃ በአገራችን ሥር የሰደደ አይደለም። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ይዞ እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ያለውን ጊታር በአማርኛ የሰማ ብዙ አልነበረም። የኛ ትውልድ ግን ጥቂት ጥቂት እብዶች ነበሩት፤ ውጭ ዘመድ ያለው ያስመጣል፣ ሌላው ያስቀዳል። ያረፍኩበት ቤት እመቤት አንድ ቀን ብቅ ብለው «መምህር፣ ይሄ ሰውዬ ምን አድርገውት ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አሉኝ። ከሥነ ጽሑፍ ሐያሲ የማይተናነስ ጥያቄ ነው።

የድሪም ቲያትር «ኢሜጅስ ኤንድ ወርድስ» (እ.ኤ.አ. 1992) እጁን አውጥቶ የማያወርድ ጎበዝ ተማሪ ይመስለኛል። አንዴ ሰምቼ አለፍኩት። የአይረን ሜይደን «ፓወርስሌቭ» (እ.ኤ.አ. 1984) ግን አቆመኝ። መዝጊያው 14 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ዘፈን ነው። ኮልሪጅ እ.ኤ.አ. በ1798 ያሳተመውን፣ አልባትሮስ የምትባለዋን የባሕር ወፍ ያለ ምክንያት ስለገደለው መርከበኛ የሚተርከውን ረጅም ግጥም ነው ወደ ዜማ ያመጡት። ይህንኑ ግጥም ለዓመታት ሳስተምር ኖሬያለሁና ሳዳምጥ ምሕረት አልነበረኝም። ግጥሙ ውስጥ የመርከበኛው ጸጸት ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ዘፈኑ ይጋልባል። መሀሉ ላይ ግን ነፋሱ ጸጥ ብሎ መርከቧ ባለችበት ስትገተር ሙዚቃውም አብሮ ይገተራል። የእንጨቱ ሲጥሲጥታና አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ብቻ ይቀራል። እዚያ ላይ የባለውለታነት ጉዳይ የለም። በኮልሪጅ ፊት ቆሞ የማያፍር ሥራ ነው።

ከባዱ የሜታሊካ «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ፤ እኛ እጅ የገባው ከካሴት ወደ ካሴት እየተቀዳ፣ ሲሽታው ከጊታሩ እኩል እየተሰማ ነበር። አሁን በጥሩ ማዳመጫ ሲሰማ ጉድለቱ አፍጥጦ ይታያል፤ ቤዝ ጊታር የለም ማለት ይቻላል። ክሊፍ በርተን እ.ኤ.አ. በ1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶብስ አደጋ ከሞተ በኋላ የተተካው ጄሰን ኒውስተድ የተጫወተው ሁሉ በቅንብሩ ወቅት ተደፍቋል። አብራኝ የነበረችው ልጄ ገና ሁለተኛው ዘፈን ላይ «አባዬ፣ ይሄ ነገር ሆዱ ባዶ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። እሷ ለዚህ አልበም ምንም ዕዳ የለባትም፤ ምስክርነቷ ንጹሕ ነው።

እኔ ግን አለብኝ። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርት ተቋርጦ ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ስንገባ ቴፕ የለ፣ ካሴት የለ። እጁን፣ እግሩን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውንና አንደበቱን ጦርነት ላይ ጥሎ በሐሳቡ ብቻ ስለቀረ ወታደር የሚናገረው «ዋን» የተባለው ዘፈን ግን በጭንቅላታችን ነበር። አንድ ጓደኛዬ መግቢያውን ጊታር ማታ ማታ በአፉ ያዜምልን ነበር። ያን ጊዜ ከፍርሃታችን ጋር እኩል የሚናገር ሌላ ነገር አልነበረንም። በግንቦት መንግሥት ሲወድቅ የተበተንነው ተበተንን፤ ወደ ኬንያ የተሰደዱም ነበሩ።

ያ ጓደኛዬ ዛሬ ቦንጋ ነው የሚኖረው። ከዓመታት በኋላ ጌታን ተቀብሎ ካሴቶቹን በሙሉ ግቢው ውስጥ ከምሮ አቃጥሏቸዋል። ሄጄ ጠየቅኩት፤ ቡና ቀርቦ አውራን።

«ከንቱ ነበር» አለኝ። «የልጅነት ከንቱ።»

«ብላቴ ላይ አልጠቀመህም?»

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ጠቅሞኛል፤ ግን የጠቀመ ሁሉ ጥሩ ነው እንዴ?» አለ።

እዚህ ላይ ከሱ ጋር እስማማለሁ፤ ማቃጠሉ ላይ አልስማማም። መጥፎ ሥራ ጥሩ ውለታ ሊውል ይችላል። ዛሬ ደካማ ሆኖ ባገኘው፣ ደካማ ነው ብዬ ከመመስከር ውለታው አይከለክለኝም። እንዲሁም ደካማነቱን ስላወቅኩ ውለታውን መካድ አይገባኝም። አብዛኞቻችን ግን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ ውለታውን ለማክበር ብለን በልጆቻችን ፊት በሐሰት እንመሰክራለን፤ ወይ አስተዋይ ለመምሰል የተሸከመንን ትከሻ እናፌዝበታለን። በነገራችን ላይ ጓደኛዬ ከሁለቱም ይሻላል። ሙዚቃ በሰው ላይ ምንም አያደርግም ብሎ ቢያምን ኖሮ ክብሪት ባላባከነ።

አልበሙ 65 ደቂቃ ነው፤ የኛ ካሴት ባለ 60 ነበር። ስለዚህ የመጨረሻው ዘፈን «ዳየርስ ኢቭ» ገና ሲጀምር ቴፑ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ሙሉውን የሰማሁት ማንኪራ ላይ ነው። አንድ ልጅ እናትና አባቱን «ከዓለም ደብቃችሁ አሳድጋችሁ ለዓለም ጣላችሁኝ» እያለ የሚከስበት ዘፈን ነው። በሃያ ዓመቴ ሰምቼው ቢሆን የኔ አቤቱታ ነው ባልኩ ነበር። ዛሬ ተከሳሹ እኔ ነኝ፤ ከሳሽ የምትሆነዋ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ አንዱን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። ውለታው የለብኝም፣ ትዝታው የለኝም። ጥሩ ነው መጥፎ? ዘፈኑ ፈጣን ነው፣ ድፍን ያለ ነው፣ ድንገት ያልቃል። ፍርዴን ሳልጨርስ ልጄ «ይሄኛውን ድገመው» አለችኝ።