ስለ መዝገብ አደራና ስለ መውጣት

ሰው ለብዙ ዓመታት አሳቡን፣ የሰማውን ትምህርት፣ ያነበበውንና ሊሠራው ያቀደውን ሁሉ ያስቀመጠበትን አንድ የማስታወሻ መተግበሪያ ትቶ ወደ ሌላ ይሂድ ወይስ በዚያው ይጽና ብሎ ሲያመነታ፣ ነገሩ ላይ ላዩን ለተመለከተው የዕቃ ምርጫ፣ ይልቁንም የዋጋ ጉዳይ ይመስላል። ጠልቆ ለመረመረው ግን የጥያቄው ሥር ከዕቃም ከዋጋም አልፎ፣ ሰው በልቡናው ሊሸከመው ያልቻለውን ነገር ለማን አደራ ይሰጣል፣ አደራ የሰጠውስ ነገር እስከ መቼ የራሱ ሆኖ ይኖራል ወደሚለው ጥንታዊ ሐተታ ይደርሳል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ፣ መጽሐፉ በቤት፣ ማኅደሩም ከግድግዳው ችካል ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚገኝ ቆጥረው ነበር። የዛሬው ጸሐፊ ግን የቃሉ ባለቤት ቢሆንም የብራናው ባለቤት አይደለም፤ ቃሉ ባላየው አገር፣ በማያውቀው ሰው ቤት፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ኪራይ ተቀምጦ ይኖራል። ስለዚህ ልውጣ ወይስ ልቆይ የሚለው ምክር ከሃይማኖትና ከፍልስፍና ደጅ ሳይደርስ አይፈጸምም።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ኤቨርኖት የተባለውን መተግበሪያ በምሳሌነት እንውሰድ። በስቴፓን ፓቺኮቭ አሳብ ተጠንስሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ የተከፈተው ይህ መተግበሪያ፣ ምልክቱ ዝሆን፣ መፈክሩም ሁሉን አስታውስ የሚል ነበር፤ ለብዙ ዓመታት የመራው ፊል ሊቢንም ድርጅቱ መቶ ዓመት የሚኖር እንዲሆን እንደሚሻ በአደባባይ ይናገር ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 በነጻ የሚጠቀም ሰው ከሁለት መሣሪያ በላይ እንዳያገናኝ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አንዳንድ የድርጅቱ ሠራተኞች ኮምፒዩተሩን ለማስተማር ሲባል የሰዎችን ማስታወሻ ሊያነቡ እንዲችሉ የሚፈቅድ ደንብ ታውጆ፣ ተጠቃሚዎች በተቃወሙ ጊዜ ታጠፈ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ንብረቱ መቀመጫው በሚላኖ ወደ ሆነው ቤንዲንግ ስፑንስ ወደ ተባለ ኩባንያ ተዛወረ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካና በቺሌ የነበሩት አብዛኞቹ ሠራተኞች ተሰናብተው ሥራው ወደ አውሮፓ ዞረ፤ ዓመቱም ሳያልቅ በነጻ የሚጠቀም ሰው ከአንድ ደብተርና ከ50 ማስታወሻ በላይ እንዳይፈጥር ተደረገ፤ አስቀድሞ ከዚያ በላይ ያከማቸ ግን የቀደመውን ከማየትና ከማውጣት አልተከለከለም። ይህን የማነሣው ነጋዴውን ለመክሰስ አይደለም፤ ነጋዴ ወጪውን የመሸፈን፣ ንብረቱንም የመሸጥ መብት አለውና። የማነሣው፣ መቶ ዓመት የታሰበለት ቤት አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ባለቤቱን እንደ ለወጠ፣ የሰው ትዝታ ግን ከዚያ የሚረዝም ዕድሜ እንደሚሻ ለማሳየት ነው።

በአገራችን ደግሞ ችግሩ አንድ እርከን ይጨምራል። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ካርድ የሌለው ተጠቃሚ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ላለ ዘመዱ ደውሎ፣ «እባክህ ወንድሜ፣ ያችን ነገር ዘንድሮም ክፈልልኝ» ብሎ ይለምናል፤ የዘመዱ ካርድ ጊዜው ባለፈ ቀንም የማስታወሻው ደጅ ይጠባል። እንግዲህ የአንድ ሰው የዓመታት ድካም በሚላኖ በሚወጣ ደንብ፣ በዘመድ ቸርነትና በኔትዎርኩ መኖር ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል ማለት ነው።

አፍላጦን ፋይድሮስ በተባለው መጽሐፉ ሶቅራጥስን አንድ የግብፅ ታሪክ ያስተርተዋል። ቴውት የተባለው አምላክ ፊደልን ፈልስፎ ለንጉሡ ለታሙስ ባቀረበና የመርሳት መድኃኒት ነው ብሎ ባመሰገነው ጊዜ፣ ንጉሡ ሰዎች በውጭ በተጻፈ ምልክት ተማምነው በውስጣቸው መዘከርን ይተዋሉና መድኃኒቱ ራሱ ደዌ ይሆናል ብሎ ተከራከረው። በዚህ ክርክር ውስጥ የቆሙት ሁለት ወገኖች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ነፍስ፣ ሁለተኛው ጽሕፈት። በመካከላቸው ሦስተኛ፣ ይኸውም ጽሕፈቱን የሚያስቀምጥ፣ የሚያከራይ፣ ሲሻውም በሩን የሚያጠብ ባለ መጋዘን ሊገባ እንደሚችል ንጉሡም ሆነ ፈላስፋው አላሰበም። ይህ ሦስተኛው ወገን ከገባ ወዲህ ግን ሰው በውስጡ ያለውን መዘንጋቱ ብቻ ሳይሆን በውጭ ያለውንም ማጣቱ የሚያሠጋ ሆነ።

አውግስጢኖስ በኑዛዜው አሥረኛ መጽሐፍ ስለ ዝክረ ልቡና ሲመራመር፣ ትዝታ ሰፊ አዳራሽ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ በዚያ አዳራሽ ነፍስ ራስዋን እንደምትገናኝና አምላክዋንም በዚያ እንደምትፈልግ ይገልጻል። በእርሱ ዘንድ መዘከር ከማከማቸት ይለያል፤ ማከማቸት የዕቃ ግብር ሲሆን መዘከር ግን የሕያው ነፍስ ግብር ነው። የቤተ ክርስቲያናችንም ትምህርት በዚህ ይስማማል። በአብነት ትምህርት ቤት ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር ድጓውን በገዛ እጁ ብራና ላይ የሚገለብጠው መጽሐፍ ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ገልብጦ በፈጸመ ጊዜ መጽሐፉ ሁለት ሆኖ፣ አንዱ በማኅደር፣ አንዱም በልቡናው እንዲገኝ ነው። በቅኔ ማኅሌት ደግሞ ከዚህ የተለየ ሥርዓት እናያለን፤ ባለ ቅኔው ለዕለቱ በዓል የተቀኘውን ቅኔ ለሌላ በዓል መልሶ አያቀርበውም፤ ያማረ ቢሆን ሰሚው ይይዘዋል፣ ካልሆነም ከዕለቱ ጋር ያልፋል። ስለዚህ የጥንቱ ሊቅ የሚጠበቀውንም የሚለቀቀውንም ለይቶ ያውቅ ነበር። ሁሉን አስታውስ የሚለው መፈክር ግን ይህን ልዩነት አያውቅም።

በቅርቡ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ መተግበሪያ ውስጥ ያለውን የራሴን መዝገብ ስመረምር፣ አንድ ዛሬ በሕይወት የሌሉ የሐዲስ መምህር መባውን በመሠዊያ ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድም ጋር ስለ መታረቅ የነገሩኝን ትርጓሜ ፈለግሁ። በመፈለጊያው «ዕርቅ» ብዬ ብጽፍ ምንም አልተገኘም የሚል መልስ መጣ። ጽሑፉ ግን አልጠፋም ነበር፤ በችኮላ በስልክ ሲጻፍ በዐይኑ ዐ ፈንታ በአልፋው አ «እርቅ» ተብሎ ገብቶ ነበርና መሣሪያው ሁለቱን እንደ ተለያዩ ቃላት ቆጠራቸው፤ በንጉሡ ሠና በእሳቱ ሰ፣ በጸሎቱ ጸና በፀሐዩ ፀም እንዲሁ ያደርጋል። የማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አንድ አድርጎ የሚሰማውን ለያይቶ የሚቆጥር መዝገብ ጠባቂ ነው ሊባል ይችላል፤ ዘካሪ ነው ሊባል ግን አይችልም። ከዚህ ይበልጥ ያስተማረኝ ነገር ማስታወሻው በመጨረሻ ሲገኝ፣ በውስጡ ከነበሩት ሦስት መስመሮች አንዱም አዲስ ሆኖ አለመገኘቱ ነው፤ ትርጓሜውን በሰማሁ ሰሞን ሄጄ የታረቅሁት ሰው ስለ ነበረ ነገሩ ከቃል ወደ ግብር አልፎ በውስጤ ኖሮአል። በአንጻሩ ከእርሱ በላይና በታች የነበሩት፣ ርእሳቸው «አስፈላጊ» የሚል፣ ውስጣቸው ግን ስም የሌለው የስልክ ቁጥርና የደበዘዘ የሰሌዳ ፎቶግራፍ ብቻ የነበረው ማስታወሻዎች፣ አንዲት ፊደል ሳይጎድልባቸው ተጠብቀው ሳለ ትርጉማቸው ከጠፋ ቆይቶአል።

እንግዲህ ለመቆየትም ለመውጣትም የሚገፋፋውን ምክንያት መመርመር ይገባል፤ የአንድ ሥራ መልካምነት ከተነሣበት አሳብ ተለይቶ አይታወቅምና። የበረሃ አባቶች በስልቹነት ተነሣሥቶ ከበዓት ወደ በዓት የሚዘዋወረውን መነኩሴ ይገሥጹት ነበር፤ ደዌው ከበዓቱ ሳይሆን ከልቡ ስለሆነ አብሮት ይጓዛልና። ኖሽን ወይም ኦብሲዲያን የሚባል ሌላ የማስታወሻ መተግበሪያ አማረ፣ ተወደደ በተባለ ቁጥር መዝገቡን ተሸክሞ የሚሰደድ ሰው፣ ማስታወሻ በማደራጀት ሥራ ተጠምዶ ማስታወሻው የተያዘለትን ሥራ ሳይሠራ ዘመኑ ያልፋል። በዋጋ መጨመር ተቈጥቶ የሚወጣም በቁጣ የተፈታ ትዳርን ይመስላል፤ ቁጣው ሲበርድ ምክንያቱ ያንሳል። ነገር ግን መቆየትም ሁልጊዜ ጽናት አይደለም። ለመውጣት ስለ ፈራ፣ ስንፍናም ስለ ያዘው ብቻ የቆየ ሰው ታማኝ ሳይሆን ምርኮኛ ነው፤ ታማኝነት መሄድ የሚችል ሰው ባለመሄዱ የሚገለጽ ምግባር ነውና።

ስለ መውጣት የሚናገረው ታላቁ መጽሐፍ ኦሪት ዘጸአት ሲሆን፣ በእርሱም ውስጥ ተጓዦቹ ስለ ተሸከሙት ነገር የተጻፈው ሊጤን ይገባዋል። ሙሴ በመሐላ የተሰጠ አደራ ስለ ነበረ የዮሴፍን አጽም ይዞ ወጣ፤ ሕዝቡ ደግሞ ከግብፃውያን የተቀበሉትን ወርቅና ብር ይዘው ወጡ። አጽሙ በጉዞው ሁሉ አጽም ሆኖ ኖሮ በመጨረሻ በሴኬም ዐረፈ። ወርቁ ግን በአንድ ወገን ጥጃ ሆነ፣ በሌላ ወገን ለደብተራ ኦሪት መሥሪያ ተሰጠ። ስለዚህ ከአሮጌው ቤት የሚወጣ ሰው ያከማቸውን ሁሉ በሁለት ይከፍለዋል፤ ሳይለወጥ ሊደርስ የሚገባው የአደራ ነገር አለ፤ ይህም የወላጅ ቃል፣ የመምህር ትርጓሜ፣ ለሌላው ልንመልሰው የተቀበልነው ነው። ሌላው ደግሞ የሚሆነውን ገና ያልሆነ ጥሬ ነገር ነው፤ ሥራ ካገኘ ማደሪያ ይሆናል፣ ሥራ ካጣ በዙሪያው የሚሰገድለት ክምችት ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ምንም ሳይመርጥ መላውን መዝገብ እንዳለ ወደ አዲሱ መተግበሪያ የሚያግዝ ሰው በሉቃስ ወንጌል ጎተራውን አፍርሶ የሚሰፋ ጎተራ ለመሥራት ያቀደውን ባለጠጋ ይመስላል፤ ባለጠጋው የተነቀፈው እህል ስለ ነበረው ሳይሆን የጎተራውን ስፋት የነፍሱ ዕረፍት አድርጎ ስለ ቆጠረ ነው።

አደራ ከቤት ወደ ቤት እንዴት እንደሚያልፍ በእኛው ሊቃውንት መካከል የታየ ግሩም ምሳሌ አለን። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሥራ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀበሉ፤ እርሳቸውም ሲያልፉ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው፣ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ሦስት ትውልድ የተቀባበለው ይህ ሥራ የተጠበቀው ወረቀቱ ባለመነካቱ አይደለም፤ እያንዳንዱ ተቀባይ ያገኘውን መርምሮ፣ አርሞና ጨምሮ በማስተላለፉ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። አንደኛ፣ ቢቆይም ቢወጣም ሰው አስቀድሞ መዝገቡን ማንም መሣሪያ ሊከፍተው በሚችል ተራ ጽሑፍ አውጥቶ በራሱ ኮምፒዩተር ቅጂ ይያዝ። ኤቨርኖት ማስታወሻን ኤኔክስ በሚባል ፋይል አድርጎ ያወጣል፤ ጽሑፉ፣ የተጻፈበት ቀንና ምልክቱ አብሮ ይወጣል፤ ከአንዱ ማስታወሻ ወደ ሌላው የሚመራው ማያያዣ ግን በአዲሱ ቤት ብዙ ጊዜ መድረሻውን ያጣል። ይህን ጉዳት አስቀድሞ ዐውቆ መቀበል ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ለመውጣት በቂ ምክንያት የሚሆነው የሌላው ማማር ሳይሆን የመውጫው በር መጥበብ፣ ወይም በአደራ የያዝነው የሌሎች ምሥጢር ያለ ፈቃዳቸው በባዕድ ዓይን ሊታይ መቻሉ ነው፤ የራሳችንን ነገር በቸልታ ልናኖር እንችል ይሆናል፣ የሰው ምሥጢር ግን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የተባለለት ነው። ሦስተኛ፣ የሚወጣ ሰው እንደ ድጓ ተማሪው ይውጣ፤ ሊኖርበት የሚሻውን ጥቂት ነገር እያነበበ በእጁ ይገልብጥ፣ የቀረውን በተዘጋ ፋይል ይተወው፣ የሌሎችን ምሥጢር ከአሮጌው ቤት ይደምስስ።

ያልገለበጥሁት ነገር ነገ ቢያስፈልገኝስ የሚል ሰው ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ የተዘጋው ፋይል የተቀመጠውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን በዚህ ፍርሃት ሥር፣ የተከማቸው ሁሉ አስቀድሞ የእኔ ነበረ የሚል ያልተመረመረ እምነት አለ። ከቶ ያላነበብሁትንና ያልኖርሁበትን ነገር ባጣ ያጣሁት ይዞታዬን ሳይሆን ይኖረኛል ብዬ ያሰብሁትን ነው። እኔም በዚሁ ፍርድ ራሴን መዝኜ ለመውጣት ቈርጫለሁ፤ የገለበጥሁት ከተውሁት እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ ከእርሱ መካከል ለምን እንደ ያዝሁት የማላውቀው አንድም የለም።