የአባቴ የደብዳቤ ፋይል

አባቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ልብሳቸውን በአርባቸው ለዘመድ አከፋፈልን፤ መጻሕፍታቸውን ለሚያነብ ሰጠን፤ ሳይነካ የቀረው ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ብቻ ነበር። እናቴ በየሳምንቱ አቧራውን ይጠርጋሉ፤ ማብራት ግን አይችሉም። ባለፈው ክረምት «አባትህ የጻፈውን ሁሉ አውጣልኝ፤ ማሽኑ ሳይሞት» አሉኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልሁ።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ወደ እኛ ቤት የገባው ግን በ1995 ዓ.ም.፣ በስልክ ሽቦ ነበር። አባቴ ደብዳቤ በሚያወርዱበት ሰዓት ቤታችን የሚደውል ሰው ሁሉ ስልኩ ተይዞ ያገኘዋል። እህቴ ከአሜሪካ የምትልከው የሁለት ሜጋባይት ፎቶግራፍ መስመሩ ቢቀና እንኳ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር። በዚህ ሁሉ መከራ የመጣን ነገር ማን ያጠፋል? አባቴም አንድ አላጠፉም። አውትሉክ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የመጣውንም የሄደውንም ደብዳቤ ከነፎቶው አንድ ፋይል ውስጥ ነው የሚያጭቀው። የድሮው ዓይነት ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይችልም። ኮምፒዩተሩ ሁለት ጊዜ ቢለወጥም አባቴ ያንኑ አሮጌ ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግሩ ኖረዋል፤ ፕሮግራሙ ቢታደስም ፋይሉ አሮጌ እስከሆነ ድረስ ወሰኑ አይለወጥም። ስከፍተው ጢም ብሎ ሞልቶ አገኘሁት።

የሰፈራችን የኮምፒዩተር ባለሙያ «ትላልቁን እየመረጥህ አጥፋ፤ ከዚያ ጠቅጥቀው» አለኝ። ከዚህ ፋይል ውስጥ ደብዳቤ ሲጠፋ ቦታው ባዶ ይሆናል እንጂ ፋይሉ ወዲያው አያንስም፤ ባዶውን ጨምቆ የሚያወጣ ሌላ ትእዛዝ አለው። ምክሩ ደግ ነበር። ነገር ግን ለመምረጥ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ያውም ለእኔ ያልተጻፈውን። ርእስ ርእሱን ብቻ አያለሁ ብዬ ጀመርሁ። ዓይን ግን ርእስ ላይ አይቆምም። በሁለተኛው ምሽት ከእህቴ ደብዳቤዎች የአንዱን ሦስት መስመር አነበብሁና ዘጋሁት። ምን እንደሚል አልናገርም።

ኋላ ላይ ከዚህ ጣጣ የሚያወጣ መንገድ አገኘሁ። አውትሉክ ከ2003 እትሙ ጀምሮ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) አዲስ ዓይነት ፋይል ይሠራል፤ የተለመደው ወሰኑ 20 ጊጋባይት ነበር፤ ከ2010 እትም ወዲህ 50 ሆኗል። አሮጌውን ፋይል ለመጠባበቂያ በፍላሽ ቀዳሁ፤ ከዚያም አዲስ ፋይል ከፍቼ ያለውን ሁሉ ወደዚያ ገለበጥሁ። አንድም ሳልመርጥ፣ አንድም ሳላነብ! በበነጋው እህቴ ዘንድ ደውዬ ደስታዬን ነገርኋት።

«የኔንም ጭምር?» አለች።

«ያንቺንም።»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «የኔን አጥፋልኝ፤ የጻፍሁት ለአባዬ ነው» አለችኝ።

እህቴ ከ2001 እስከ 2003 ዓ.ም. ክፉ ዘመን አሳልፋለች። ለእናታችን በስልክ «ደኅና ነኝ» ትላለች፤ እውነቱን ለአባቴ በኢ-ሜይል ትጽፋለች። (ይህችን ያህል እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ከዚህ በላይ ግን አልፈቀደችም።)

እንግዲህ ደብዳቤ የማን ነው? የጸሐፊው? የተቀባዩ? ወይስ ተቀባዩ ሲሞት ኮምፒዩተሩን የወረሰው ሰው? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ይከለክላል። የእኔ ጥያቄ ግን ስለ መግለጥ ሳይሆን ስለ ማጥፋት ነው። እኔ ኮምፒዩተሩን ወረስሁ እንጂ እህቴ በአባቴ ላይ የጣለችውን እምነት አልወረስሁም። በዚህ በኩል ሳየው ልመናዋ ትክክል ነው። እናቴም ግን አልተሳሳቱም። «ላነበው ፈልጌ አይደለም፤ መኖሩን ነው» ይላሉ። ሰው የባሏን ጋቢ ሳትለብሰው ሣጥን ውስጥ ታኖር የለ?

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የእህቴን ደብዳቤዎች አጥፍቼ የአባቴን መልሶች ለእናቴ ባስቀረሁ ነበር። የኢ-ሜይል መልስ ግን እንደ ወረቀት ደብዳቤ አይደለም። አባቴ በመለሱላት ቁጥር እሷ የጻፈችው ሙሉው ከታች ተለጥፎ ይሄዳል። እሳቸው ያንን ማንሳት አያውቁበትም ነበር፤ ቢያውቁም ያነሡት ነበር ብዬ አላስብም። ስለዚህ ምስጢሯን ላጥፋ ካልሁ የአባቴን ቃል አብሬ ማጥፋቴ ነው። የታችኛውን ቆርጦ የላይኛውን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ይፈቅዳል። ግን የት ላይ እንደሚቆረጥ ለማወቅ አሁንም ማንበብ አለብኝ፤ ደግሞስ የሟችን ደብዳቤ በመቀስ ማን ፈቀደልኝ?

እህቴ እጅ ላይም ቅጂው የለም። ያኔ ትጠቀምበት የነበረው ነፃ አድራሻ ሳትከፍተው ብዙ ስለቆየች ተዘግቷል። አባቴ በዚያ ክፉ ዘመን ያሏት ሁሉ ያለው እዚህ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ነገርኋት። «አውቃለሁ» አለች። «አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ይበቃኛል።» ይበቃታል? እኔን ጠይቁኝ፤ የአባቴን የእጅ ጽሑፍ የያዘ የሱቅ ደረሰኝ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ።

ባለፈው እሑድ ተቀምጬ የእሷንም፣ ለእሷ የተመለሰውንም አጠፋሁ። አሮጌውንም ፋይል ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሣሁ። አዲሱንም ጠቀጠቅሁት፤ ጥቂት ደቂቃ ወሰደ። እናቴ ቡና እያፈሉ «አለቀ?» አሉኝ። «አለቀ፤ ሁሉም በደኅና ተቀምጧል» አልኋቸው። ማታ እህቴ ደወለች።

«ጠፋ?»

«ከኮምፒዩተሩ ላይ ጠፍቷል» አልሁ።

አመሰገነችኝ። ፍላሹ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።