ዘፈኑን ወደን፣ ዘፋኙን ንቀን

የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ሲመዘገቡ ድንጋዩ ፈቃዱን አልተጠየቀም። ዘፈን ግን የሚኖረው ሰው ውስጥ ነው። ያ ሰው «ከእንግዲህ አልዘፍንም» ቢልስ?

ይህን የምጠይቀው የከተማዋን ስም ስለሚጋሩት ላሊበላዎች ነው፤ ሀሚና የሚሏቸውም አሉ። ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ላይ ቆመው ያዜማሉ። አስቀድመው ግን ከጎረቤት ይጠያይቃሉ፦ የባለቤቱ ስም ማነው? ልጆች አሉት? መልሱ ግጥሙ ውስጥ ይገባል። (ፕሮግራመር ስለሆንኩ ይሆናል ነገሩ ቴምፕሌት የሚመስለኝ፤ ዜማው ቋሚ፣ ስሙ ተለዋዋጭ።) ሲመጸወቱ መርቀው ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ደግሞ «ካቆምን የሥጋ ደዌ ይይዘናል» የሚል እምነት ከወላጅ ወደ ልጅ ስለወረደ ነው።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ቅርሱን ያቆየው ፍርሃት ነው። ልጅየው ተምሮ፣ በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒትም የሚድን መሆኑን አውቆ ዜማውን ቢተው ማን ይወቅሰዋል? እኔ አልወቅሰውም። የጋራ ትዝታችንን እንዲሸከምልን በብርድ የላስታ ንጋት አንድን ቤተሰብ ደጅ ማስጠናት ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

አዝማሪውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ተቀበል!» ብለን ግጥም እንወረውርለታለን፣ በማሲንቆው ይቀበለናል፤ ስለዚህ ድርሰቱ በከፊል የኛው ነው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፣ እንኮራባቸዋለን። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ግን ስድብ ሆኖ ኖሯል።

«ቀድተን እናስቀምጠዋ!» ይሉኛል ጓደኞቼ። እውነት አላቸው፣ በከፊል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ባያቋቁም፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶም ከ1997 ጀምሮ የዚያን ዘመን ሸክላዎች በ«ኢትዮፒክስ» መልሶ ባያሳትም፣ የእኔ ዕድሜ ሰው ያንን የአዲስ አበባ ድምፅ ከየት ይሰማው ነበር? ሸክላ ግን ደጃፉን አይቀዳም። ላሊበላዋ የጠራችው የዚያን ቤት ሰው ስም ነው፤ እኔ በስልኬ ስሰማው የሌላ ሰው ምርቃት እያዳመጥኩ ነው።

ከሁለቱ ምረጥ ብባል ቅጂውንና ነፃ የወጣውን ልጅ እመርጣለሁ። ብትፈልግ ደግሞ፣ ፈርታ ሳይሆን ወዳው፣ ዋጋዋን አስቀድማ ተናግራ የምትዘፍን ላሊበላ ደጄ ብትመጣ ደስ ይለኛል። የኮንዶሚኒየማችን ጥበቃ ያስገባት እንደሁ እንጃ።